ለፊደል ነጋዴዎች የተሰጠ መልስ



ከጥቂት ወራት ወዲህ በሠፈራችን ከመጠለያ መጠለያ የምትዞር አንዲት ወረቀት አለች። የዕብራይስጥ ፊደላት በጥቁር ቀለም ተደርድረውባታል። ተጣጥፋ፣ በቁራጭ ቆዳ ተሰፍታ፣ ባንገት ትንጠለጠላለች። ዋጋዋ አንድ ጣሳ ዘይት ነው፤ ዘይት ያለቀበት ከዱቄት ራሽኑ ይሰፍራል። ሻጮቹ እንደሚሉት እነዚህ ፊደላት ፈጣሪ ዓለምን የፈጠረባቸው ስለሆኑ ቅርጻቸው ብቻውን ኃይል አለው፤ ያሠራቸው ሰው ለሦስተኛ አገር የሞላው ፎርም አይወድቅበትም፤ ኢንተርቪው ሲገባ አንደበቱ ይፈታል፤ የታመመ ልጁም ይድናል። እኛ የዚህች በእጅ የምትጻፍ መጽሔት አዘጋጆች ይህን እየሰማን ዝም ማለት አልቻልንም።

ከሁሉ አስቀድመን ግን ጠባችን ከማን ጋር እንደሆነ ይታወቅልን። ክታቡን ካሠሩት ጋር አይደለም። ልጇ በትኩሳት ሲነድ የቀራትን ዘይት አውጥታ የሰጠችን እናት ለመንቀፍ የሚነሣ ብዕር ቢሰበር ይሻላል። ጠባችን ከነጋዴዎቹ ጋር ነው። እነሱንም የምንከሳቸው ጥንቆላ ነው፣ ኋላ ቀርነት ነው ብለን ብቻ አይደለም፤ ይህን ያሉ ብዙ ናቸው፣ ሰሚም አላገኙም። የኛ ክስ ከዚያ ይከፋል። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡትን ነገር አያውቁትም። የአይሁድ ሊቃውንት በፊደሎቻቸው ቅርጽ ላይ ያኖሩትን ትምህርት ገልብጠው ያዙት፤ በተገለበጠም ጊዜ ለድኻ የቆመው ትምህርት ድኻ መዝረፊያ ሆነ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ናቸው፤ ከነዚህም አምስቱ በቃል መጨረሻ ላይ ሲውሉ ሌላ ቅርጽ ይይዛሉ። ስማቸው ለኛ ባዕድ አይደለም። ዳዊት የደገመ ሰው በመዝሙር 119፣ በግእዙ ቁጥር 118 ላይ፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ አልፏቸዋል። መዝሙሩ 176 ቁጥር የሆነውም ለያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቁጥር ስለተደለደለ ነው። የኛዎቹ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንትም የዚያው ዘር ናቸው። ትልቁ ልዩነት የነሱ ጽሕፈት ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱ ነው። አንባቢ ይህን አደራ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ይፈለጋል።

በባቢሎን ታልሙድ፣ ስለ ሰንበት በሚናገረው ክፍል፣ አንድ ታሪክ አለ። ሕፃናት ወደ ሊቃውንቱ ጉባኤ ቤት መጥተው በነዌ ልጅ በኢያሱ ዘመን እንኳ ያልተሰማ ነገር ተናገሩ ይላል። ፊደሉን በተርታ ይዘው ይተረጉሙት ጀመር። አሌፍና ቤት ማስተዋልን ተማር ማለት ነው አሉ። ጋሜልና ዳሌጥን ደግሞ ገሞል ዳሊም ብለው ፈቱ፤ ለድኾች ቸርነት አድርግ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቅርጹ ሄዱ። ጋሜል ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል ነው፤ ከሥሩ አንድ እግሩን ወደ ግራ፣ ወደ ዳሌጥ ዘርግቷል። ለምን ቢሉ፣ ቸር ሰው ድኻውን ፍለጋ ይሮጣል እንጂ እስኪመጣለት ተቀምጦ አይጠብቅም። ዳሌጥ ከላይ ጣራ፣ በቀኙ አንድ ምሰሶ ያለው ፊደል ነው፤ እሱም በበኩሉ ወደ ጋሜል ጥቂት ዘለግ ይላል። ለምን ቢሉ፣ ድኻውም ሊሰጠው ለሚፈልገው ሰው ይገኝለት ሲል ነው። የዳሌጥ ፊት ግን ወደ ግራ ዞሯል፤ ለጋሜል ጀርባውን ሰጥቶታል። ይህስ ለምን ቢሉ፣ ተቀባዩ እንዳያፍር ሰጪው በስውር ይስጠው ሲል ነው።

አካሄዱ ልክ እንደ አገራችን አንድምታ ነው። ነገር ግን ከአካሄዱ ይልቅ የተመረጠው ቁም ነገር ይደንቃል። ገና ሦስተኛውና አራተኛው ፊደል ላይ እንደደረሱ፣ ማንበብ ከመቻላቸው በፊት፣ ሕፃናቱ የሚማሩት ድኻን እንዴት መርዳት እንደሚገባ ነው፤ ያውም መስጠትን ብቻ ሳይሆን የተቀባዩን ፊት መጠበቅን ጭምር። ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፣ በሰው ፊት ተሰልፎ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ ራሽን የተቀበለ ሰው የዳሌጥ ፊት ለምን እንደዞረ ሌላ መምህር አያስፈልገውም።

እዚያው ታሪክ ውስጥ ስለ ሐሰትና ስለ እውነትም ይነገራል። ሐሰት በዕብራይስጥ ሼቄር ነው፤ የሚጻፍባቸው ሦስት ፊደላት፣ ቆፍ፣ ሬስና ሺን፣ በፊደል ተራ ውስጥ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይገኛሉ። እውነት ኤሜት ነው፤ ከኛ ከግእዙ አማን ጋር ሥሩ አንድ ነው። የእርሱ ፊደላት ግን አንዱ በመጀመሪያ፣ አንዱ በመሐል ግድም፣ አንዱ በመጨረሻ ይገኛሉ። ሐሰት በቅርብ ይገኛል፣ እውነት ግን ይርቃል ማለታቸው ነው። ደግሞም የሐሰት ፊደላት እያንዳንዳቸው ባንድ እግር ሲቆሙ የእውነት ፊደላት ሰፊ መሠረት አላቸው። በሠፈራችን ባንድ እግሩ ቆሞ ስንት ወሬ እንደሚዞር አንባቢ ያውቀዋልና አናብራራም።

አሁን ወደ ነጋዴዎቹ መከራከሪያ እንምጣ። የመጀመሪያው፣ ቅርጹ ከሰማይ የወረደ፣ ከጥንት ያልተለወጠ ነው የሚለው ነው። ሐሰት ነው። ዛሬ የዕብራይስጥ ፊደል የምንለው አራት ማዕዘን መሰሉ ጽሕፈት ከአራማይስጥ የመጣ ሲሆን አይሁድ ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ቀስ በቀስ የያዙት ነው። ከዚያ በፊት ለፊንቄ ፊደል በጣም የቀረበ ሌላ ጽሕፈት ነበራቸው። በኢየሩሳሌም በሰሊሆም የውኃ መተላለፊያ ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880 የተገኘው፣ ዕድሜው ወደ 2700 ዓመት የሚጠጋው የድንጋይ ጽሕፈት በዚያ በጥንቱ ፊደል የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. ከ132 እስከ 135 በሮማውያን ላይ የተነሡት የባር ኮክባ ሰዎችም በገንዘባቸው ላይ ይህንኑ የጥንቱን ፊደል አትመዋል። ሳምራውያን ዛሬም ኦሪታቸውን የሚጽፉት ከዚያ በወረደ ፊደል ነው። በዚያ በጥንቱ ጽሕፈት ጋሜል ማዕዘን የሠሩ ሁለት ጭረቶች ብቻ ነበር፤ ዳሌጥ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን። የሚሮጥ እግር የለም፣ የዞረ ፊትም የለም። ኢሳይያስ ስለ ድኻና ስለ መበለት በጮኸበት ዘመን የነበረው ፊደል ይህ ነው።

ይህን እኛ ከኪሳችን አላወጣነውም። ሊቃውንቱ ራሳቸው ያውቁት ነበር፤ በግልጽም ተከራክረውበታል። በታልሙድ፣ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍል፣ ሦስት አሳብ ተመዝግቧል። አንዱ ወገን ኦሪት መጀመሪያ በጥንቱ ፊደል ተሰጠች፣ በዕዝራ ዘመን ግን በአሹሪ፣ ማለትም በዛሬው ፊደል ተጻፈች ይላል። ሁለተኛው፣ መጀመሪያም በአሹሪ ነበር፣ ሕዝቡ ሲበድል ተለወጠ፣ ንስሐ ሲገባ ተመለሰ ይላል። ሦስተኛው ፈጽሞ አልተለወጠም ይላል። ነጋዴዎቹ ሦስተኛውን ብቻ ሰምተው ይሆናል፤ ወይም አንዱንም አልሰሙም።

የኢየሩሳሌም ታልሙድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ነገር አለው። የሙሴ ጽላት ከፊት እስከ ኋላ ዘልቆ የተቀረጸ ነበር የሚል ትውፊት አለ። ከሆነ፣ ዙሪያው የተዘጋ ፊደል ሲቀረጽ መሐሉ ወድቆ መቅረት ነበረበት፤ ያልወደቀው በተአምር ነው ይላሉ። ታዲያ በተአምር የቆመው የትኛው ፊደል ነው? ኦሪት በአሹሪ ተሰጠች ለሚለው ሰው ሳምኬት ነው፤ የተዘጋው እሱ ነውና። በጥንቱ ፊደል ተሰጠች ለሚለው ግን ዔ ነው፤ በጥንቱ ጽሕፈት ክብ ሆኖ የሚጻፈው እሱ ነበርና። አንባቢ ሆይ፣ ዐይን ብለህ የምትጠራውን የኛን ዐ ተመልከት። ያ የጥንቱ ክብ ዛሬም በእጃችን አለ፤ በየቀኑ እንጽፈዋለን፣ ማንም ግን በአንድ ጣሳ ዘይት አልሸጠውም። ሊቃውንቱ ቅርጹ ተለውጦ ሊሆን እንደሚችል ስላወቁ ተአምሩን ለሁለቱም ወገን አዘጋጁለት። ከቅርጹ ጋር የታሰረ ኃይል ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እንዴት ይዛወራል?

እንግዲህ ጥንት ያልነበረው የጋሜል እግር በኋላ ርኅራኄን ካስተማረ፣ ርኅራኄው ከጭረቱ አልመጣም ማለት ነው። የመጣው ከአንባቢዎቹ ነው። ድኻን ሮጦ መርዳት ይገባል ብለው አስቀድመው ያመኑ ሰዎች ፊደላቸውን ሲያዩ ያንኑ አዩበት፤ ልጆቻቸውም ፊደሉን በቆጠሩ ቁጥር እንዲያስታውሱት አደረጉ። እኛ ይህን ትምህርት የምናከብረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው፣ የካባላ መጻሕፍት ይህን ይላሉ የሚለው ነው። እዚህ ላይ እውነቱን አንሸሽግም። ፊደላት የፍጥረት መሣሪያ ናቸው ብለው ያመኑ ምሥጢራውያን በእርግጥ ነበሩ። ሴፌር ዬጺራ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ 22ቱን ፊደላት ሦስት፣ ሰባትና ዐሥራ ሁለት አድርጎ ከፍሎ ዓለምን፣ ዓመትንና የሰውን አካል በነሱ ያደራጃል። አሌፍን ደግሞ ከላይ አንድ ዮድ፣ ከታች አንድ ዮድ፣ በመሐላቸው ያዘነበለ ዋው አድርገው ያዩታል፤ ዐሥርና ዐሥር ስድስትም ሲደመር 26 ይሆናል፤ ይህም አይሁድ የማይጠሩት የፈጣሪ ስም ፊደላት ድምር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አላቸው፤ አንዳንዱ የረቀቀ፣ አንዳንዱም አድካሚ ነው።

ግን እስቲ ዞሃርን ራሱን እንጠይቀው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስፔን ብቅ ያለው ይህ መጽሐፍ በመግቢያው ላይ ፊደላት ከመጨረሻው ጀምረው አንድ በአንድ በፈጣሪ ፊት እየቀረቡ ዓለም በኔ ይፈጠር ብለው እንደለመኑ ይተርካል። ታው ተመለሰ፤ ሞት የሚለው ቃል የሚያበቃው በእርሱ ነውና። ሺን ተመለሰ፤ ሐሰተኞች ሼቄርን ለመጻፍ ይወስዱታልና። እንዲህ እያሉ ሁሉም አፍረው ሲመለሱ ቤት ቀረበ፤ በረከት የሚለው ቃል የሚጀምረው በእርሱ ስለሆነ ተመረጠ። በኛም አፍ በረከት የሚጀምረው በበ ነው። አሌፍ ግን ሳይቀርብ ዝም ብሎ ቆመ፤ ለትሕትናውም የፊደላት ሁሉ ራስ ተደረገ። ልብ በሉ፦ በምሥጢራውያኑ መጽሐፍ እንኳ ፊደላት የተመረመሩት በውበታቸው ወይም በኃይላቸው አይደለም። የተፈረደባቸው በየትኛው ቃል ውስጥ እንደሚውሉ ታይቶ ነው። ሺን ሐሰተኛ እጅ ውስጥ ስለሚገባ ብቻ ዓለም ሳይፈጠርበት ቀረ። ፊደልን ለማታለያ ያዋለ ሰው በዞሃር መማሉ በራሱ ላይ መመስከር ነው።

ስለ ቤት ከዚህ የቀደመ ትርጓሜም አለ፤ ዘፍጥረትን በሚተረጉመው በትልቁ ሚድራሽ ውስጥ ይገኛል። ኦሪት በቤት የምትጀምረው ለምንድን ነው ቢሉ፣ ቤት ከላይ፣ ከታችና ከኋላ የተዘጋ፣ ከፊት ብቻ የተከፈተ ፊደል ስለሆነ ነው፤ ሰውም ከላይ ያለውን፣ ከታች ያለውን፣ ከፍጥረት በፊት የነበረውን አይጠይቅ፣ ዓለም ከተፈጠረበት ቀን ወዲህ ያለውን ይመርምር ሲል ነው። ስውሩን እናውቃለን የሚሉት ነጋዴዎች በሚሸጡት ወረቀት ላይ የመጀመሪያው የኦሪት ፊደል ይህን እያለባቸው ተቀምጧል።

ስለ ሄም ጥቂት እንበል፤ ለስደተኛ የተጻፈ ይመስላልና። ሄ ከታች ክፍት ነው፤ መውጣት የፈለገ በዚያ ይወጣል። የግራ እግሩ ግን ከጣራው ጋር ሳይገናኝ ተንጠልጥሎ ከላይ ጠባብ ክፍተት ይተዋል። ታልሙድ እንደሚለው ተጸጽቶ የሚመለስ ሰው በዚያች ክፍተት እንዲገባ ነው። በወጣበት ለምን አይመለስም ቢሉ፣ በዚያ አይሆንለትም ይላሉ። እኛ ነገሩን ከንስሐ አውጥተን ወደ አገር መመለስ አንጎትተውም፤ ግን በወጡበት በር መመለስ እንደማይቻል እዚህ ያለን ሰዎች ካልገባን ለማን ይገባል?

ክታብን በተመለከተ ደግሞ ከራሳቸው ወገን የወጣ ፍርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1204 በግብፅ ያረፈው ታላቁ የሕግ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ፣ አይሁድ በበራቸው መቃን ላይ በሚያደርጉት በመዙዛ ውስጥ የመላእክት ስምና ማኅተም የሚጨምሩትን ሰዎች በሚመጣው ዓለም ዕድል የላቸውም ብሏቸዋል። ምክንያቱንም ሲናገር፣ የእግዚአብሔርን አንድነትና ፍቅሩን የሚያስታውሰውን ትእዛዝ ለገዛ ጥቅማቸው ክታብ አደረጉት ይላል። ሁሉም አልሰማውም። ክታብ የሚጽፉ አይሁድ ከእርሱም በኋላ ነበሩ፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1751 በጀርመን አልቶና በክታብ የተነሣ በሁለት ረቢዎች መካከል የተጫረው ጠብ የአውሮፓን አይሁድ ከሁለት ከፍሎ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ከኛ አልተጀመረም፤ እኛ የማይሞኒደስን ወገን ይዘናል።

ቅርጽ ከመከራ ያድናል የሚል ሰው ግን ከሁሉ በፊት የረቢ ሐኒና ቤን ቴራድዮንን ታሪክ ይስማ። በሁለተኛው መቶ ዓመት ሮማውያን ኦሪትን በማስተማሩ ሊያቃጥሉት ሲያወጡት በኦሪት ጥቅልል ጠቀለሉት። ከዚህ የሚበልጥ ክታብ ከየት ይመጣል? አንድ የኦሪት ጥቅልል 304,805 ፊደላት አሉት፤ ሁሉም በሥርዐቱ የተጻፉ፣ አንገቱን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን የከበቡት። ነደደ፤ ሞተም። ደቀ መዛሙርቱ ምን ታያለህ ቢሉት ብራናው ሲቃጠል፣ ፊደላቱ ወደ ላይ ሲበሩ አያለሁ አላቸው ይባላል። ትውፊቱ ፊደላቱን ከእሳቱ አወጣቸው እንጂ ሰውየውን አወጡት ብሎ አልዋሸም።

ወደኛው አካባቢ ስንመለስም ምስክር አለን። ቤተ እስራኤል ኦሪታቸው በግእዝ ነው። የዕብራይስጥን ፊደል ከጥቂቶች በቀር ሳያውቁ ሰንበትን አክብረው ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ብዙዎቹ በእግራቸው ሱዳን ገብተው በኡም ረኩባና በሌሎች መጠለያዎች ሲሰቃዩ፣ ብዙም ሰው ሲቀብሩ፣ ይዘውት የመጡት እምነት በአሹሪ የተጻፈ አልነበረም። ያስጠጋቸው ቅርጽ ነው የሚል ካለ ወጥቶ ይንገረን።

በመጨረሻ ወረቀቷን ራሷን እንያት። ሦስቱን ለማየት ችለናል። የአይሁድ ጸሐፊዎች ሥርዐት ጥብቅ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ዙሪያውን ባዶ ብራና ሊከበው ይገባል፣ አንዱ ፊደል ሌላውን ከነካ ወይም ከዮድ ላይ ትንሿ ጫፍ ከጎደለች ጽሑፉ እስኪታረም ድረስ አይነበብም። በነዚህ ወረቀቶች ላይ ፊደላቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ ሬስና ዳሌጥ አይለዩም፤ ከአንደኛዋም ሳምኬት ጨርሶ የለም። ይህ ሁሉ ይቅር ይባል፤ እኛም ብዕራችን ያልቃል፣ ወረቀታችን ይረጥባል። ነገር ግን ጸሐፊው እንደኛ ልማድ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሯቸዋል። በግራ ጋሜል፣ በቀኝ ዳሌጥ። ውጤቱን ተመልከቱ። ጋሜል እግሩን የዘረጋው እንደ ወትሮው ወደ ግራ ነው፤ ድኻው ግን አሁን ያለው በቀኙ ነው። ስለዚህ ሰጪው ከድኻው እየሸሸ ይሮጣል። የዳሌጥም ፊት ወደ ግራ ስለሆነ ድኻው የሚሸሸውን ሰው ጀርባ እያየ ቀርቷል። ነጋዴዎቹ በሕይወታቸው አንድ እውነተኛ ነገር ጻፉ ከተባለ ይህ ነው፤ የጻፉትም ሳያውቁ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከውኃ መቅጃው በላይ ባለው ዛፍ ሥር፣ 22ቱን ፊደላት በትክክለኛ ቅርጻቸውና በትክክለኛ አቅጣጫቸው በሰሌዳ ላይ ጽፈን እንጠብቃለን። ማየትም መማርም በነጻ ነው፤ ልጆች ቢመጡ ደስታችን ነው። ወረቀቷን የገዛ ሰው ቢፈልግ ይዟት ይምጣ፣ ባይፈልግ ይተዋት፤ ማን ገዛ ብለን አንጠይቅም። ሻጮቹም ዘይቱንና ዱቄቱን ለመመለስ ልብ ቢያገኙ፣ ማታ ማታ መጽሔታችን ከምትገለበጥበት መጠለያ በራፍ ላይ ያኑሩት። የሚደርሳቸውን ቤቶች እናውቃለን። በራችን ፊቱ ወደ ሜዳው ነው፤ እኛ ውስጥ ሆነን ጀርባችንን ሰጥተን እንጽፋለን።